ከፈረንሳዩ መንደር መልስ

ዮአዳን ያን እሁድ ጠዋት ሦስት ቀሚስ ለካች። ሦስቱንም አልጋው ላይ ወርውራ፣ መጨረሻ ላይ መጀመሪያ የለካችውን ለብሳ ወጣች። እንዲህ የምታደርግ ሴት ልቧ የት እንደሄደ ለማወቅ ጠንቋይ መጠየቅ አያስፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ዐርብ ዕለት ነው። ቲቶ ሱቁን ሳይዘጋ ደወለላት። ከጀርባው ዳቦ የሚጠይቁ ሰዎች ድምፅ ይሰማል።

«እናቴ እዚያው ሆሳዕና ከተማ ልጅ አይታልኛለች» አላት። «የቸርች ልጅ ናት፣ ጨዋ ናት ይላሉ። እሁድ ማታ መልስ እሰጥሻለሁ ብያታለሁ።»

«እና?»

«እናማ ከዚያ በፊት አንቺን የምጠይቅሽ አንድ ነገር አለ።»

«ጠይቀኛ።»

«በስልክማ አይሆንም። ዐይንሽን እያየሁ ነው የምጠይቅሽ።»

ጥያቄውን ታውቀዋለች። መልሱንም ታውቀዋለች። «እሺ» የምትለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ከተቀመጠች ወራት አልፈዋል፤ የሚጠራት ብቻ ነበር የጠፋው።

የተዋወቁት በክፉ ቀን ነው። ቲቶ ዲፕስሉት በሚባል የጆሃንስበርግ ዳርቻ ሰፈር ውስጥ ስፓዛ አለው፤ ዳቦውም፣ ዱቄቱም፣ ሻማውም፣ የስልክ ካርዱም በአንዲት መስኮት የሚሸጥባት የሰፈር ሱቅ። ዘራፊዎች ገብተውበት ቀኝ እጁን ከአንጓው ሰበሩት። አጥንቱ ከገጠመ በኋላ እጁን እንድታፍታታለት የተላከው ዮአዳን ዘንድ ነበር፤ እሷ በከተማው ሰሜን ባለ አንድ ሆስፒታል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። በእንግሊዝኛ ሰላም ስትለው ደረቷ ላይ የተለጠፈውን ስም አነበበና ሕመሙን ረሳው።

«ዮአዳን? የኛ ልጅ ነሽ እንዴ?»

«የናንተ ነኝ። እጅህን ወዲህ በል።»

«አገር ቤት ቢሆን ወጌሻ በቅቤ አሽቶ በሳምንት ያድነኝ ነበር።»

«ወጌሻው ቢያሽህማ ጣቶችህ እንደተጨበጡ በቀሩ ነበር» አለችውና ሁለቱም ሳቁ።

እጁ ዳነ። መምጣቱን ግን አልተወም። «ትንሽ ይወጋኛል» ይላል፤ የት ጋ ስትለው አንድ ቀን አውራ ጣቱን፣ ሌላ ቀን ክርኑን ያሳያታል። የታመመን እጅ ካልታመመው መለየት ሥራዋ ሆኖ ሳለ፣ ዮአዳን እያወቀች ዝም አለች። ከዚያ ሆስፒታሉ ቀረና ሻይ መጠጣት ተጀመረ፤ ከሻዩ በኋላ ስልኩ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ሥር ሰደደ።

አዲስ አበባ ያሉት አባቷ ዶክተር መስፍን ግን ስለዚህ የሚያውቁት አንድም ነገር አልነበረም። ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ ሚስታቸውን ከቀበሩ ወዲህ ያለቻቸው አንዲት ልጃቸው ናት። በደወሉ ቁጥር «የተማረ ሰው፣ የሚመጥንሽ ሰው» ይሏታል። ቲቶ ደግሞ ዐሥረኛ ክፍልን ሳይጨርስ፣ ድንበር ለድንበር ተጉዞ የመጣ ልጅ ነው። ዮአዳን «ጊዜው ሲደርስ ራሴ በወጉ እነግራቸዋለሁ» እያለች ቆየች። ጊዜው ሲደርስ የሚባለው ጊዜ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ በራሱ እግር መጥቶ አያውቅም።

የእሁዱን ጉዞ ያቀደችው ጎረቤቷ ሰላማዊት ናት። ባሏ ሲራክ እዚያው ሆስፒታል ሐኪም ነው፤ ሁለቱም የዮአዳንና የቲቶን ነገር ከሁሉ ቀድመው ያወቁ ወዳጆች ናቸው። ከሃርትቢስፖርት ግድብ ማዶ፣ ፈረንሳይን ያፈቀረ አንድ ሀብታም ያሠራው መንደር አለ ብሎ ሰው ነግሯታል፤ የድንጋይ ቤት፣ ሰማያዊ መስኮት፣ ሐምራዊ የላቬንደር ማሳ። የሲራክ መኪና ጋራዥ ገብታ ስለነበር ቲቶ «የእኔ ኮምቢ ምን ሠርታ ትበላለች? በእሷ እንሄዳለን» አለ።

ኮምቢ የምትባለው ሚኒባሱ በአዘቦት ቀን የለስላሳ ሣጥንና የበቆሎ ዱቄት ናት የምትጭነው። ቲቶ ቅዳሜ ከሰዓት ወንበሮቿን መልሶ ገጥሞ፣ ውስጧን በሳሙና ፈትጎ አጠባት። ያም ሆኖ ዱቄቱ ከየስፌቱ እየወጣ የሰላማዊትን ጥቁር ሱሪ አነጣው።

«ቲቶ፣ ፈረንሳይ ሳንደርስ ገንፎ አደረግኸኝ!»

«ታጥባለች እኮ! ማርያምን... ይቅርታ፣ እኔ ጴንጤ ነኝ፤ እውነቴን ነው!» አለና መኪናው በሳቅ ተሞላ።

እሁድ ለቲቶ ቀላል ቀን አይደለም። ጠዋት ቸርች ከመዘምራን ጋር ይቆማል፤ ከሰዓት ደግሞ ሱቁ ከሳምንቱ ሁሉ የሚደራበት ነው። ሁለቱንም ትቶ፣ ሱቁን ለአጎቱ ልጅ ለሽጉጤ አስረክቦ፣ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ዮአዳን ይህን ታውቅ ነበር። ሰላማዊት «አንቺ ፊት ሁኚ፣ እኔ ከኋላ ባሌን እጠብቃለሁ» ብላ ገፋ ስታደርጋት፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ፈገግ አለች።

በዲፕስሉት ዳር ሲያልፉ አንዲት ቲማቲም ሻጭ ቲቶን አውቃ እጇን አውለበለበች። «ሳውቦና ማማ!» ብሎ በዙሉ ሰላም አላትና ጥሩምባውን ነፋላት። ከዚያ ቤቱ ሁሉ አለቀና ተራራው መጣ። ቲቶ ይበራል፤ ሎኬሽን በሚሉት የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ የነዳ ሰው ፍሬን የሚባል ነገር ያለው አይመስለውም።

«ቀስ በል እንጂ!» አለችው ዮአዳን።

«ቶሎ ልድረስ ብዬ ነው» አላት፣ ወደ እሷ ሳያይ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

መንደሩ እውነትም ፈረንሳይ ፈረንሳይ ይላል። የውሃ ምንጭ ያለበት አደባባይ፣ ትንሽዬ የጸሎት ቤት፣ በረንዳ ሙሉ አበባ። አስተናጋጆቹ ግን ሶሻንጉቬ የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ጠፍጣፋ ቆብ ደፍተው «ቦንዡር» ይላሉ፣ ዞር ሲሉ በራሳቸው ቋንቋ ይቀላለዳሉ። ቲቶ «ሳውቦና ቡቲ» ሲለው አንደኛው ትኩስ ዳቦ ጨመረላቸው። ሲራክ «ፓስፖርት ሳይጠይቁን ፈረንሳይ ገባን፤ ለኛ ይሄ ተአምር ነው» አለ። ወረቀት ፍለጋ ያልተሰለፈ አበሻ እዚያ ከተማ የለምና ሁሉም ገባው።

ሰላማዊት ዘዴኛ ናት። «እኔና ሲራክ ዳቦ ቤቱን እንይ፤ እናንተ ማሳውን እዩልን» ብላ ባሏን ጎትታ ጠፋች።

ፀሐዩ ሞቅ ሲል ዮአዳን ጃኬቷን አወለቀች። ቲቶ ተቀብሎ ክንዱ ላይ አደረገው። በሌላ እጁ የመኪናውን ቁልፍ ይዟል፤ ያገላብጠዋል፣ ይጨብጠዋል፣ እንደገና ያገላብጠዋል። በሐምራዊው አበባ መካከል ጥቂት ሄዱና ቆመ።

«ዮአዳን።»

«አቤት።»

«እኔ ብዙ አማርኛ የለኝም። የእናቴ ቋንቋ አይደለም፤ ሱቅ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ አጭር ነው የማወራው።»

«አጭር ይሻላል» አለችው። ድምጿ ለራሷም አልተሰማትም።

ዐይኗን አየ። እንዳለውም ዐይኗን እያየ አፉን ከፈተ።

«ዮአዳን! የመስፍን ልጅ!»

ሁለቱም ደንግጠው ዞሩ። በመንገዱ ጫፍ አንድ ባርኔጣ ያደረጉ ሽማግሌ እጃቸውን ዘርግተው እየመጡ ነው። ጋሽ አስረሳኸኝ! የአባቷ የተማሪ ቤት ጓደኛ፣ ጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የሸበቱ፣ ለዶክተር መስፍን በየማታው የሚደውሉ ሰው። አገላብጠው ሳሟት፤ ስለ ጤናዋ፣ ስለ ሥራዋ ጠየቋት። ከዚያ ዐይናቸው ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ የሴት ጃኬት ታቅፎ ወደ ቆመው ልጅ ሄደ።

«ይሄ ወጣትስ?»

ለዚህ ጥያቄ ብዙ መልስ ነበር። ቲቶ ነው፣ ማለት ይቻል ነበር። ወዳጄ ነው፣ ማለት ይቻል ነበር። ዮአዳን ግን የታያት የማታው ስልክ ነው። አባቷ ከእሷ አፍ ሳይሆን ከጓደኛቸው አፍ ሊሰሙ ነው፤ «ምን ይሠራል?» ሊሉ ነው፤ «ስፓዛ» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ሳሎናቸው ውስጥ ሊገባ ነው። ነገሩን ከክፉ ወሬ የጠበቀችው መስሏታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ ትንሽ አፍራለችም። የትኛው እንደበለጠ እሷም እስከ ዛሬ አታውቀውም።

«ሾፌራችን ነው» አለች።

ቲቶ ጃኬቱን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረ። ከዚያ በሁለት እጁ የሽማግሌውን እጅ ጨብጦ ጎንበስ አለ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ።» ወደ እሷም ዞረ። «እትዬ፣ ጃኬትዎን መኪና ውስጥ ላስቀምጥልዎት?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ብሏት አያውቅም። 

ጋሽ አስረሳኸኝ ምንም አላወቁም። የመጡት ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ነው፤ እሱ ወደ ሩስተንበርግ ይቀጥላል። «ቦታ ካላችሁ ከእናንተ ጋር ልመለስ?» አሉ። እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ቲቶ «ቦታማ ሞልቷል ጋሼ» አላቸው።

ምሳ ላይ ጋሽ አስረሳኸኝ «ያን ልጅ ጥሩት፣ ይብላ እንጂ» ቢሉም ቲቶ አልመጣም። «ሾፌር ከመኪናው አይርቅም» ብሎ ኮምቢዋ አጠገብ ቆሞ ቀረ። ሲራክ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሰላማዊት ግን የዮአዳንን ፊት አይታ ነበር፤ እጅ መታጠቢያው ጋ ተከተለቻት።

«ምን ሆነ?»

ነገረቻት።

«አብደሻል? አሁኑኑ ተመልሰሽ ‹ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይሄ ልጅ እንዲህ ነው› በያቸው።»

«ማታ ለቲቶ ብቻውን አስረዳዋለሁ። ይገባዋል።»

«ማታ ለእናቱ መልስ ሊሰጥ አይደል እንዴ? አሁን ነው የሚገባው።»

ዮአዳን ተመለሰች፤ ልትናገርም ቆርጣ ነበር። ጋሽ አስረሳኸኝ ግን «አባትሽ እኮ ትናንት ማታ ‹የልጄን ሠርግ ሳላይ እንዳልሞት› አለኝ» ብለው ጀመሩ። እሷም ነገሩን ትታ ሳህናቸው ላይ ምግብ ጨመረችላቸው።

ሲመለሱ የፊቱን ወንበር ለሽማግሌው ለቀቁላቸው። ዮአዳን ከቲቶ ጀርባ ተቀመጠች። የሚታያት ማጅራቱና በመስተዋቱ ውስጥ ያለ ግማሽ ፊቱ ነው። በመስተዋቱ ግን አንድ ጊዜም ወደ እሷ አልተመለከተም።

«ስምህ ማን ነው ልጄ?» አሉ ጋሽ አስረሳኸኝ።

«ቲቶ።»

«አግኝተሃል? ማለቴ፣ ትዳር?»



«አላገባሁም ጋሼ። ዛሬ አንዲት ልጅ ልጠይቅ ነበር።»

«እሰይ! ታዲያስ?»

«ሳልጠይቃት መለሰችልኝ።»

«እምቢ አለች?»

«እምቢ እንኳ አላለችም። ሰው እምቢ የሚባለው ሲታወቅ ነው።»

ሽማግሌው ከንፈራቸውን መጠጡ። «አይ፣ እንደሱ አትበል። ሰው ይፈራል። አንዳንዱ ቃል ከሆድ አፍ እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።»

ቲቶ ማርሹን ቀነሰ። ጠዋት ስትበር የነበረችው ኮምቢ መንገዱን ዳር ይዛ በዝግታ ትሄድ ጀመር፤ ከኋላ የመጣው ሁሉ ጥሩምባ እየነፋ ያልፋታል። ተራራው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ፣ ግድቡ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሄደ።

ሰላማዊት በክርኗ ጎሸመቻት። ዮአዳን ወደፊት ጠጋ አለች።

«ጋሼ...»

«አቤት ልጄ።»

የቲቶ ትከሻ ቀጥ ብሎ ቀረ። በመስተዋቱ ውስጥ ዐይኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«... መስኮቱ ይዘጋልዎት? ብርድ እንዳይመታዎት።»

«ኧረ ደህና ነኝ። ነፋሱ ይስማማኛል» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «እንዲህ ረጋ ብሎ የሚነዳ ሾፌር ጆሃንስበርግ ውስጥ አይቼ አላውቅም። ተባረክ» ብለው መረቁት።

«አሜን» አለ ቲቶ።

የእነ ዮአዳን ግቢ ሲደርሱ ወርዶ በሩን ከፈተላት። ጃኬቷን አጣጥፎ ሰጣት። ሲራክና ሰላማዊት ቀደም ብለው ወርደዋል፤ ጋሽ አስረሳኸኝ ፊት ተቀምጠው ባርኔጣቸውን ያስተካክላሉ። አንድ እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው ተያዩ። ቲቶ ጠበቃት፤ እንደሚጠብቃትም አየች።

«አመሰግናለሁ» አለችው።

«በሰላም ይግቡ» አላትና በሩን ዘጋ።

ያን ምሽት ደወለች። መስመሩ ተይዟል። ደገመች፤ ተይዟል። ሆሳዕና ያለች እናት ናት መስመሩን የያዘችው። ስልኩ ነጻ ሲሆን ጠራ፣ ጠራ፣ የሚያነሳው ጠፋ። እንዲህም ሆኖ እንደነገሩ ተኝታ አደረች ማለት ውሸት ነው፤ አልተኛችም።

በነጋታው ከሥራ ቀርታ ጋሽ አስረሳኸኝ ቤት ሄደች። ሁሉንም ነገረቻቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«እኔን ነው የፈራሽው?»

«አባቴን ነው።»

«አባትሽን!» አሉ። «አባትሽ እናትሽን ሲያስጠይቅ አያትሽ ‹ይሄ ልጅ ለራሱም ጫማ የለው› ብለው ከደጅ መልሰውን ነበር። ሽማግሌ ሆኜ የሄድኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ነው ያጋባኋቸው። ስለ ቲቶም አንድ ቃል ብትነግሪኝ ኖሮ፣ ከመኪናው ሳልወርድ ስልኩን አንሥቼ ለመስፍን እነግረው ነበር።»

ዮአዳን ፊቷን በእጇ ሸፈነች።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ ሽማግሌው፤ ሊወቅሷት ሳይሆን አዝነው ነው።

«ይሂዱልኝ ጋሼ። ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ።»

«ሴት ወደ ወንድ ሽማግሌ ስትልክ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። እኔ ግን እልካለሁ።»

ጋሽ አስረሳኸኝ ሲራክን አስከትለው ዲፕስሉት የሄዱት ሲራክ ከሥራ የሚያርፍበትን ቅዳሜ ጠብቀው ነው። ዮአዳን ሰላማዊት ቤት ሆና ጠበቀች። ቁጭ አለች፣ ተነሣች፣ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ አጠበች። የበሩ ደወል ሲጮህ ሰላማዊት ናት የከፈተችው። ሲራክ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ፤ ቀና አላለም። ዮአዳን እሱን ስታይ ግማሹን አወቀችው።

ጋሽ አስረሳኸኝ ተቀመጡ።

«ጨዋ ልጅ ነው» ብለው ጀመሩ። «ያሉትን ሁለት ወንበሮች ለኛ ሰጥቶ እሱ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። የላክሽኝን ቃል አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። እሁድ ማታ ለእናቱ እሺ ብሏል ልጄ። በማግሥቱ ሽማግሌዎቻቸው የልጅቷ ቤት ገብተው፣ ፈቃድ ተቀብለው፣ ተመርቀው ወጥተዋል። ‹አሁን ብመልሰው የምትዋረደው ምንም ያላጠፋች ልጅ ናት› አለኝ። ልክ ነህ አልኩት። ምን ልበለው?»

«ተቀይሞኛል?»

«ጠይቄዋለሁ። አልተቀየመም። ‹ሾፌር ስድብ አይደለም፤ ስነዳ ነው የዋልኩት› አለ።» ሽማግሌው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ሌላም ያለኝ ነገር አለ። ልተወው?»

«ይንገሩኝ።»

«‹ጋሼ፣ ስንመለስ ረጋ ብለህ ትነዳለህ ብለው መረቁኝ። እኔ እንደዚያ ነድቼ አላውቅም። እንድትናገር ብዬ ነው ቀስ ያልኩት። ሌላ ምንም ባትል፣ ቤቷ እስክንደርስ አንድ ጊዜ ቲቶ ብላ በስሜ ብትጠራኝ፣ ለእናቴ የምሰጠው መልስ ሌላ ነበር› አለኝ።»

ሰላማዊት አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። ዮአዳን አላለቀሰችም፤ ልቅሶው በኋላ ነው የመጣው። በዚያች ሰዓት ማንም ሳይጠይቃት፣ ድምጿን ሳትቀንስ፣ ሽማግሌው ፊት፣ «ቲቶ» አለች።

አቤት የሚላት ግን እዚያ ቤት አልነበረም።